አምባቸው ያልከፈተው ቫልቭ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። የተማረ ሰው አይቶ ቢስቅ መብቱ ነው። ግን የአምባቸውን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ዝም አለ። እኔ እሱ በሚሠራበት ግቢ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን እሱ ነግሮኛል። እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ፣ ከተሳሳትኩ እናንተ አርሙት።

አምባቸው የትራክ ግቢ ሠራተኛ ነው። ግቢው አትላንታ አጠገብ፣ ከሊልበርን ወደ ፓይን ሌክ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ አርባ ትራክ ያቆማል። ባለቤቱ ኢሳያስ ይባላል፣ የእኛው ሰው ነው። አምባቸው በዲቪ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አምስቱን ዓመት እዚሁ ነው የሠራው። ሃምሳ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል። ቀጭን ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ሥራው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ውሃ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ላይ የተንጠባጠበውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል፤ የሞተር ዘይቱን፣ ናፍጣውን፣ የጎማውን ብናኝ። ያ ውሃ እንደ ሽንት ቤት ውሃ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። በቦይ ወርዶ ግቢው ጥግ ካለችው ኩሬ ይገባል፣ ከኩሬዋ በቱቦ ወደ ጅረት ይወጣል፣ ጅረቱ ደግሞ በሰው ጓሮ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቱቦው ላይ ቫልቭ አለ። ክፉ ነገር የፈሰሰ እንደሆነ ቫልቩ ይዘጋል፣ ውሃው እዚያው ይታሰራል።

ክረምት ሲመጣ ይብሳል። ከኦሃዮና ከሚሺጋን የሚመለሱት ትራኮች ሆዳቸው በመንገድ ጨው ነጭቶ ነው የሚገቡት። ኢሳያስም በረዶ ይመጣል ከተባለ ጨው በፓሌት ያስመጣል፤ አትላንታ በዓመት አንዴ በረዶ ሲነካት እንዴት እንደምትርበደበድ ታውቃላችሁ። ጨው ካልተሸፈነ ይሟሟል፣ ከሟሟ ዓሣ ይፈጃል። እንግዲህ አምባቸው ጨዉን በሸራ ይሸፍናል። የተጠረገውን በረዶ ከቦዩ አርቆ ይከምራል። የቦዩ ፍርግርግ ላይ የጋገረውን በረዶ በዶማ ይፈለፍላል። ዘይት የሚመጥ እንደ እባብ የረዘመ ነገር አለ፣ እኛ «ካልሲ» እንለዋለን፣ እሱን በቦዩ ዙሪያ ይደረድራል። በወር አንዴ ደግሞ ከቱቦው አፍ በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣና፣ ቀለሙን አይቶ ሽታውን አሽትቶ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል።

ይሄኔ ነው ሾፌሮቹ የሚሰበሰቡት።

«አባ አምባቸው፣ ጠበሉ ደረሰ?» ይላል ስለሺ። ስለሺ አንደኛው ሾፌር ነው፣ አፉ ሥራ አይፈታም። «ለወገቤ አንድ ጣሳ አስቀርልኝ እስቲ!»

ሸራውን ሲጎትት ያየው እንደሆነ ደግሞ፣ «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። አንተ የትኛው ነህ? አንተማ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለህ!»

አምባቸው አፉን ሸፍኖ ይስቃል። ሌላ ምን ያድርግ።

ይህን ሁሉ ሥራ ያሳየችው ኑሃሚን ናት፣ የኢሳያስ ልጅ። እዚሁ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ጨርሳለች። ግቢው እንዲህ ይጠበቃል የሚለውን ስልሳ ገጽ ፕላን የጻፈችው እሷ ናት። አማርኛዋ ይሰበራል ግን ትሰማለች። አንድ ቀን ኩሬዋ ድረስ ወስዳ ቫልቩን አስያዘችውና፣ «አምባቸው፣ ሊስን። ናፍጣ ከፈሰሰ ትዘጋለህ። ማንም ክፈት ቢልህ አትከፍትም፣ ኦኬ? ዳድ ቢልህም አትከፍትም» አለችው። እሱም እንደ ወንጌል ያዛት።

አሁን ደግሞ የሰውየውን ጭንቅ ልንገራችሁ። አምባቸው የዜግነት ኢንተርቪው ነበረበት፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቀድሞ አንዴ ወድቋል። የወደቀው ባለማወቅ አይደለም፣ በማውራት ነው። የተጠየቀው ሌላ፣ እሱ ያወራው ሌላ። ይህ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ይህንንም ከወደቀ ክፍያውም ልፋቱም እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክላርክስተን አንድ አዳራሽ ውስጥ እድላዊት የምትባል ልጅ በነጻ የምታስተምረው ክፍል ይማር ነበር። እሷም ያለችው ይህንን ነው፦

«ጋሼ አምባቸው፣ ባወሩ ቁጥር ይሳሳታሉ። አጭር መልስ። የስ ወይም ኖ። ከዚያ አፍ ይዘጋል።»

መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ። የስ። ኖ። የስ። ኖ።

በዚህ መካከል ነው በረዶው የመጣው። ዓርብ ዘነበ፣ ሌሊቱን ድንጋይ ሆነ። ስለሺ ከሰሜን ሲመጣ የበረዶ ቋጥኝ ትራኩን ከሥር መትቶት የናፍጣ ቱቦው ተሰንጥቆ ነበር፤ ሳያውቅ ገብቶ ፓርክ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት አምባቸው ሲደርስ ናፍጣው በበረዶው ሥር ተሹለክልኮ ቦይ ገብቷል። አፍንጫው ነው የነገረው። እየተንሸራተተ ኩሬዋ ጋ ወረደ። የቫልቩ እጀታ በበረዶ ተጣብቆ አልዞር አለው። የቁርስ ሻዩን ከቴርሞሱ ገለበጠበት፣ በሁለት እጁ ታገለውና ዘጋው። መዳፉ ተልጦ ነበር፣ ሰኞ አሳይቶኛል።

እሑድ ሞቅ አለ፣ ዝናብ ጣለ፣ በረዶው ቀለጠ። ኩሬዋ ሞልታ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ግቢው ውስጥ ውሃው የትራኮቹን ጎማ ግማሽ ዋጠ። ስድስት የተጫኑ ትራኮች ሰኞ ማለዳ ዱሉዝ ካለ መጋዘን መድረስ አለባቸው። ኢሳያስ ግቢው ውስጥ ለነበረው ለአምባቸው ደወለ።

«ግቢው ሐይቅ ሆነ አሉኝ። ቫልቩን ክፈተው።»

«ጋሼ፣ ናፍጣ አለበት እኮ። መጣጭ መኪና ቢጠሩልን…»

«በእሑድ? በዚህ በረዶ? የአባትህ መኪና ነው የሚመጣው? ክፈተው አልኩህ።»

«ኑሃሚን አይከፈትም ብላኛለች፣ ጋሼ።»

«ኑሃሚን ማን ናት? እኔ አይደለሁም የወለድኳት?»

«አልችልም ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ አምባቸው ስልኩን ዘጋ። በሕይወቱ አሠሪውን እንቢ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ኢሳያስ ራሱ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው፤ ነጠላውን መኪናው ወንበር ላይ ጣለና በቆዳ ጫማው በጭቃው ወረደ። አምባቸው ተከተለው። ኢሳያስ እጀታውን ይዞ አዞረው። ውሃው መጀመሪያ ጠቁሮ ወጣ፣ ቀጥሎ ላዩ እየተብረቀረቀ፣ ሽታው እያጥወለወለ።

«አየህ?» አለ ኢሳያስ፣ እጁን እየጠራረገ። «ውሃ ወደ ውሃ ሄደ።»

«ጋሼ፣ ሰው ጓሮ ነው የሚደርሰው።»

«ያንተ ጓሮ ነው?»

ከሁለቱ ሌላ ያየ የለም። ካሜራው በሩንና ትራኮቹን ነው የሚያየው፣ ኩሬዋን አያይም።

ሰኞ ከጅረቱ ወዲያ የምትኖር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ውሻዋን ይዛ ስትወጣ ጓሮዋ ናፍጣ ናፍጣ ሸተታት፤ ብታይ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ዳሩን ተኝተዋል። ለካውንቲው፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ደወለች። ከሰዓት በኋላ የካውንቲው ሰውዬ ቦት ጫማ አድርጎ ከች አለ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አይመስልም። ኩሬዋን አየ፣ ክፍት የሆነውን ቫልቭ አየ፣ ሣሩ ላይ የቀረውን የዘይት መስመር ፎቶ አነሣ። ከዚያ ቢሮ ገባና ግቢውን የሚጠብቀው ማነው አለ። አምባቸውን ጠሩት።

ኢሳያስ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ኑሃሚን ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች። እኔ በሩ ጋ መወልወያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አምባቸው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ልክ እንደ ኢንተርቪው።

«እንግሊዝኛ ይገባሃል?» አለው ሰውዬው።

«የስ።»

«አስተርጓሚ ልጥራልህ?»

ኢሳያስ ቀደመው። «ኧረ ይገባዋል። የሴፍቲ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የወሰደው።»

ሰውዬው ወረቀቱን አስተካከለ። ጥያቄው፣ በኋላ እንደ ተነገረኝ፣ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ፣ «ቫልቩን አልከፈትከውም?» ነበር።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኛ አገር ሰው «ምሳ አልበላህም?» ሲባል ካልበላ ምን ይላል? «አዎ» ይላል። አዎ፣ አልበላሁም ማለቱ ነው። ፈረንጅ ግን እንዲህ አይሰማውም፤ ለእሱ የስ ካልክ በልተሃል። ይህን አምባቸው አያውቅም። እኔም ያን ቀን አላውቅም ነበር።

«የስ» አለ አምባቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በኩራት። አዎ፣ አልከፈትኩም።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየው። እንዲህ ቶሎ የሚያምን ሰው ስላልጠበቀ ሳይገርመው አልቀረም። ጻፈ። ቀጠለ።

«አለቃህ ክፈት አላለህም?»

«ኖ» አለ አምባቸው። አይ፣ ብሎኛል ማለቱ ነው። ይህን ሲል ኢሳያስን እንዳያይ ወደ መሬት አየ፤ ለእሱ በአለቃው ላይ የመሰከረ ነው የመሰለው። እድላዊት እንዳስተማረችው አፉን ዘጋ።

ሰውዬው ይህንንም ጻፈ። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ግን የኢሳያስን ፊት አውቃለሁ። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ገባው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። ሁለቱንም ቋንቋ አብጠርጥሮ ያውቃል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ይቃና ነበር።

ኑሃሚን ቀና አለች። «ዳድ፣ እሱ እኮ ማለት የፈለገው…»

«አንቺ ፕላንሽን ጻፊ» አላት በአማርኛ፣ ፈገግ እንዳለ። ሰውዬው ፈገግታውን ነው ያየው። ልጅቱ ተመልሳ አቀረቀረች።

አምባቸው ወረቀት ተሰጠው፣ ሳይን አደረገ። እጁ ንጹሕ ነበር፣ ደስ ብሎት ነበር። ሲወጣ «ቀላል ነው እኮ፣ እንዳለችኝ ነው» አለኝ። ምን እንደ ቀለለው አልገባኝም ነበር።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ኑሃሚን ኮሪደሩ ላይ ጠራችው። ዓይኗ ቀልቷል። ኮፒውን ዘርግታ በጣቷ እያሳየች፣ «እዚህ ጋ ከፈትኩ ነው የሚለው። እዚህ ደግሞ ማንም አላዘዘኝም። አምባቸው፣ ሲቴሽኑ፣ የክስ ወረቀቱ፣ በአንተ ስም ነው የሚመጣው፣ ኮርት ትቀርባለህ።»

መጀመሪያ አላመናትም። ደጋግማ አስረዳችው። ሲገባው ግድግዳውን ያዘ። ቀጥታ ኢሳያስ ጋ ገባ፤ በሩን እንኳ አላንኳኳም። ሾፌሮቹ ስለሺም ጭምር የደመወዝ ወረቀታቸውን ሊወስዱ ተሰልፈው ነበር፣ ሁሉንም ሰሙ።

«ጋሼ፣ ይደውሉለት። ስሕተት ነው ይበሉት። እርስዎ እኮ ነዎት የከፈቱት።»

«ማን አየ?»

«እኔ አየሁ፣ ጋሼ።»

«አንተማ ከፈትኩ ብለህ ፈርመሃል። እኔ አንድ ቃል ተናግሬያለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ወንድሜ።»

«ይታረምልኝ…»

«ይታረም እሺ። ሰኞ ከፈትኩ ያለ ሰው ማክሰኞ አልከፈትኩም ካለ ምን ይባላል? ለመንግሥት ዋሸ ይባላል። ኢንተርቪውህ መቼ ነው?»

ኢሳያስ መልሱን አልጠበቀም።

«ሦስት ሳምንት አይደል? አርፈህ ተቀመጥ። ቅጣቱን እኔ እችልልሃለሁ፣ ሥራህም አይነካም። ነገር ካበዛህ ግን ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

«የዜግነቱ ፎርም ላይ ይጠይቃል እኮ ጋሼ፤ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ኢሳያስ ሾፌሮቹን አየና፣ «አጭር መልስ አይደል የተማርከው?» አለ።

ሳቁ ፈነዳ። ሁሉም ሳቁ። ስለሺ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሳቀው፤ ናፍጣው ከእሱ ትራክ እንደፈሰሰ ረስቶ። «አባ የስ-ኖ!» አለ፣ ስሙም በዚያው ወጣለት። አምባቸው አፉን ሊሸፍን እጁን አነሣ፣ ግን የሚስቅበት አልነበረውም፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቀረ።

«ስማ» አለ ኢሳያስ፣ ሳቁ ሲበርድ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። በል ውጣ።»

ወደ ማታ ኑሃሚን መኪናዋ ውስጥ ስትገባ መስኮቷን አንኳኳ። እውነቱን በእንግሊዝኛ እንድትጽፍለት ለመናት፤ አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ።

«አይ አም ሶ ሶሪ፣ አምባቸው። ባት አባቴ ነው፣ ዩ ኖው? ፕላኑ ላይ ስሜ አለ፤ የኢንጂነር ላይሰንሴን ልወስድ ነው በዚህ ዓመት።» ቢጫ ወረቀት ላይ የካውንቲውን ቢሮ አድራሻ ጻፈችና በመስኮቱ አወጣችለት። «እኔ እንደሰጠሁህ አትናገር፣ ፕሊስ።» መስኮቱን ዘግታ ሄደች። ለእድላዊት ደወለ፣ አላነሣችም። እኔንም ጠየቀኝ። የእኔ እንግሊዝኛ «ሄሎ» እና «ትራሽ» ነው። አፈርኩ።

በነጋታው ማክሰኞ ቀድሞ ተነሣ። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ስሙን ከነአባቱ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ናፍጣው ከየት እንደ መጣ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እጀታውን እንዳዞረ። ከሥሩ ፈረመ። መንገዱ ጥላ ጥላው ላይ ገና በረዶ ነበረበት፣ በዝግታ ነዳ። ቢሮው ሳይከፈት ደርሶ በሩ ላይ ቆመ። ሲከፈት ከመስታወት ኋላ መነጽር ያደረገች ሴት አገኘ፤ ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር አሳለፈላት። ሴትዮዋ አየችው፣ አገላበጠችው፣ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀችው። «አምሃሪክ» አላት። እዚህ የሚያነበው የለም አለችው፤ ግን ማኅተም መታችና ዘቅዝቃ እንደያዘችው ትሪ ውስጥ ልታስቀምጠው ስትል፣ አምባቸው እጁን በመስታወቱ ሥር አስገብቶ ወረቀቱን አዞረላት።

ከዚያ ወጥቶ ወደ ሥራ ነዳ። አርፍዶ ነበር።